በመሪነት ማደጌን በምን ልወቅ? ለመጪው ዓመትስ ምን ዓይነት ግብ ልጻፍ?

የቡድን አስተባባሪ (ርዕሱን የከፈተ)

የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ስለተቃረበ የግለ ግምገማ ቅጹን መሙላት ጀምሬአለሁ። አብዛኛው ክፍል አያስቸግርም፤ የታቀደውም የተከናወነውም በሰነድ ስለተያዘ ሥራው መገልበጥ ብቻ ነው። እጄን የያዙኝ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው በዚህ ዓመት በመሪነት ምን ዕድገት እንዳሳየሁ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለመጪው ዓመት በዚሁ ረገድ ምን ግብ እንደያዝኩ ይጠይቃል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ቀድመው የሚመጡልኝ መልሶች የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች፣ የመራኋቸው ስብሰባዎችና በጊዜያቸው ያለቁ ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሥራዎቹን የጨረሰው ቡድኑ ነው፤ ስብሰባ መምራት ቀድሞውንም የሥራዬ አካል ስለሆነ መብዛቱ የዕድገት ማስረጃ አይሆንም፤ የሥልጠና የምስክር ወረቀትም ክፍል ውስጥ መገኘቴን እንጂ ከዚያ ወዲህ መለወጤን አያረጋግጥም። እነዚህን ሁሉ ስሰርዝ በእጄ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀደም ሲል የቡድኑ አባላት ትንሹንም ትልቁንም ጉዳይ ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ነበር፤ ከክፍሉ የሚወጣ ደብዳቤም እኔ ሳላየው አይወጣም ነበር። አሁን ግን ብዙው ጉዳይ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል፤ እኔም ቀድሞ ያልነበረኝን የማሰቢያ ጊዜ አግኝቻለሁ። ይህን የዕድገት ምልክት አድርጌ ብጽፈው ትክክል ነው?

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ የዐምናውን ቅጽ አውጥቼ ስመለከት «የመግባባት ክህሎቴን አሻሽላለሁ»፣ «ለቡድኑ አባላት የበለጠ ኃላፊነት አካፍላለሁ»፣ «ጊዜዬን በአግባቡ እጠቀማለሁ» የሚሉ ግቦች ሰፍረዋል። ዘንድሮ ልጽፍ ያሰብኩትም ከእነዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። አድሮ ቃሪያ ከመሆን የሚያድኑ ግቦች እንዴት እንደሚጻፉ የምታውቁ ካላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው

ሥልጠናውንና የስብሰባውን ብዛት መሰረዝዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው በእነዚሁ ባዶውን ቦታ ሞልቶ ነው የሚገላገለው። ለረጅም ጊዜ በኃላፊነት ስለሠራሁ ሁለት ነገር ልበል።

ሮበርት ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጽሑፍ የአንድን አስተዳዳሪ ችሎታ በሦስት ከፍሎት ነበር፤ የሙያ ችሎታ፣ ከሰዎች ጋር የመሥራት ችሎታ እና ነገሩን በጥቅሉ የማየት ችሎታ። ኃላፊነቱ ከፍ እያለ ሲሄድ የሙያው ድርሻ ይቀንሳል፣ የጥቅል እይታው ድርሻ ይጨምራል፤ ከሰዎች ጋር የመሥራቱ ችሎታ ግን በየትኛውም እርከን ቢሆን አይቀሬ ነው። ይህ አከፋፈል አሮጌ ቢሆንም ለግለ ግምገማ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንድ ባለሙያ መሪ ሆኖ ከተሾመ በኋላም ዕድገቱን የሚለካው በለመደው በሙያው ሚዛን ነው። ሂሳብ ሠሪ የነበረው ሰው የመምሪያ ኃላፊ ሆኖም ከሁሉ የተሻለ ሂሳብ ሠሪ በመሆኑ ይኮራል፤ ይህ ኩራት ግን ከሥሩ ያሉትን ሂሳብ ሠሪዎች እንደማያሳድጋቸው ለማየት ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ያለፉትን ጥቂት ወራት የቀጠሮ ማስታወሻዎን ገልጠው ሰዓቱ በምን እንዳለቀ ይመልከቱ። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውና ሰዓቱ የሚናገርለት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

ሁለተኛው ነገር ስለ ትዝታ ነው። ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው፣ ሰዎች የአንድን ነገር ውጤት ካወቁ በኋላ ያንን ውጤት ቀድመው ሊገምቱት ይችሉ እንደነበር ከልባቸው ያምናሉ። በዓመት መጨረሻ ቁጭ ብሎ «ምን ተማርኩ?» የሚል ሰውም በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ነው፤ የተሳካው ሁሉ በብልሃቱ የተሳካ፣ ያልተሳካው ሁሉ በሁኔታዎች የተሰናከለ ይመስለዋል። የዚህ መድኃኒት ስለ ሥራ አመራር በመጻፍ የታወቀው ፒተር ድራከር ይመክረው የነበረው ቀላል ልማድ ነው። ከበድ ያለ ውሳኔ ሲወስኑ የሚጠብቁትን ውጤት በዚያው ዕለት ይጽፋሉ፤ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ወረቀቱን አውጥተው ከሆነው ጋር ያስተያያሉ። እኔ ለሰው የምሰጠውን ግምት በዚህ መንገድ ለዓመታት ስመዘግብ ቆይቼ ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ በንግግር ጎበዝ የሆኑትን ሰዎች አዘውትሬ ከሚገባቸው በላይ እገምት እንደነበር ነው። ይህን ያለ ወረቀት በትዝታ ብቻ ፈጽሞ አላውቀውም ነበር። ለዘንድሮው ቅጽ አይደርስልዎትም፤ ለመጪው ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ልኬት ይቅደም

እኔ በቀጥታ ወደ ግቦቹ ልግባ። «የመግባባት ክህሎቴን አሻሽላለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምኞት እንጂ ግብ አይደለም። ኤድዊን ሎክ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በኋላም ከጋሪ ሌታም ጋር፣ ደጋግሞ ያረጋገጠው አንድ ነገር አለ፤ ጠበቅ ያለና በግልጽ የተለካ ግብ የተሰጠው ሰው «የተቻለህን ያህል ሥራ» ከተባለው የተሻለ ይሠራል። ሌታምና አንድ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ግንድ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችን ተከታትለው ነበር። አሽከርካሪዎቹ «የተቻላችሁን ጫኑ» ሲባሉ ሕጉ ከሚፈቅደው ክብደት ወደ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይጭኑ ነበር፤ ዒላማው 94 በመቶ መሆኑ ተለይቶ ሲነገራቸው ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ ከጥቂት ወራት በኋላ ከ90 በመቶ በላይ ደረሱ።

መሪነትም ቢሆን ይለካል። እርስዎ ራስዎ «ብዙው ጉዳይ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል» ብለዋል፤ ይህ በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ነገር ነው። በወር ስንት ጉዳይ ለውሳኔ ይቀርብልዎት ነበር? አሁንስ ስንት ይቀርባል? የመጪው ዓመት ግብዎ ይህንን ቁጥር በግማሽ መቀነስ ይሁን፤ በየሩብ ዓመቱ ይመዝገብ፤ የሚከታተለው ሰውም ይታወቅ። ከዚህ የተለየው ሁሉ ለወጉ ያህል የሚጻፍ ነው።

ተጠራጣሪ

ከላይ ያለው ጸሐፊ የጠቀሰው ጥናት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ትቶበታል።

የመጀመሪያው፣ አሽከርካሪዎቹ በአንድ ጊዜ ወደ 90 በመቶ አልወጡም። በመጀመሪያው ወር ጭነታቸው ወደ 80 በመቶ ከፍ ካለ በኋላ በሁለተኛው ወር ወደ 70 በመቶ ወረደ። ምክንያቱን ሲናገሩ አስተዳደሩን እየፈተኑት ነበር፤ ዒላማውን ባይመቱ እንደማይቀጡ የተሰጣቸው ቃል እውነት መሆኑን ማየት ፈልገው ነበር። ማንም እንዳልተቀጣ ካረጋገጡ በኋላ ነው ቁጥሩ እንደገና የወጣው። እንግዲህ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከዒላማው በተጨማሪ የታመነ ቃል አለ፤ ቅጽ ላይ የሚሞላው ግን ዒላማው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ግንድ መጫን ሰዎቹ አስቀድመው የሚችሉት ሥራ ነበር። ሩት ካንፈርና ፊሊፕ አከርማን እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት፣ ሠልጣኞች አዲስና ውስብስብ የሆነ የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ልምምድ ሲጀምሩ ገና ሥራውን ሳይለምዱት ከባድ የውጤት ዒላማ ከተሰጣቸው ሥራቸው ይበላሻል፤ ለመማር የሚያስፈልገው ሐሳብ ዒላማውን በማሳደድ ያልቃልና። ሎክና ሌታም ራሳቸው ይህንን ተቀብለው፣ ሰው ገና ያልቻለው ነገር ላይ የውጤት ግብ ሳይሆን የመማር ግብ ይሻላል ብለዋል። ሰውን መምራት ደግሞ ቡድኑ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ የሚጀመር ሥራ ነው። «ወደ እኔ የሚመጡትን ጉዳዮች በግማሽ እቀንሳለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው በሩን ቢዘጋም ግቡን ይመታል። «ሦስቱ አዳዲስ አባላት የትኛውን ውሳኔ ለብቻቸው ለመወሰን ምን እንደሚጎድላቸው ለይቼ አውቃለሁ» ብሎ የጻፈ ግን ግቡን ለመምታት የግድ ከሰዎቹ ጋር መቀመጥ አለበት።

ከሥር ያለሁ

እኔ መሪ አይደለሁም፤ የምመራ ሰው ነኝ። ጋሼ ጡረተኛው ስለ ሰዓት ያሉትን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ርዕሱን የከፈቱት ሰው «ጉዳዮች እኔ ዘንድ መምጣት አቆሙ፤ ይህ ዕድገት ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ እስካሁን ማንም «ለምን አቆሙ?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

በነበርኩበት አንድ መሥሪያ ቤት አለቃችን ደብዳቤ አርቅቀን ስንወስድላቸው በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አርመው ይመልሱልን ነበር። እርማቱ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት የማቃናት አልነበረም፤ እኛ «በመሆኑም» ካልን እሳቸው «ስለሆነም» ይሉታል፤ በሌላ ቀን «ስለሆነም» ብለን ስንወስድ ደግሞ «በመሆኑም» ሆኖ ይመለሳል። ከጊዜ በኋላ የቀደሙ ደብዳቤዎቻቸውን በፋይል አስቀምጠን ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ እየቀየርን መላክ ጀመርን። ቀዩ ቀለም ጠፋ። እሳቸውም በስብሰባ ላይ ቡድኑ ራሱን ችሏል፣ እኔም ማመንን ተምሬአለሁ ብለው በይፋ አመሰገኑን፤ እኛም አጨበጨብን። ስለዚያ ሥራ እውነተኛ ሐሳብ የነበረው ሰው ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ትልቅ የውል ሰነድ ላይ የቀን ስሕተት መኖሩን ከእኛ መካከል ሁለት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ለአለቃችን የነገራቸው ግን ከውጭ የመጣው ተዋዋይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለርዕሱ ከፋች ነው፤ ጉዳዮቹ እርስዎ ዘንድ የማይደርሱት ሰዎቹ መወሰን ስለቻሉ ነው ወይስ መምጣት ስለሰለቻቸው? ከእርስዎ ወንበር ሲታዩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱም ጠረጴዛዎ ባዶ ይሆናል።

የቡድን አስተባባሪ

ይህኛው አስተያየት አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም በእርግጠኝነት መመለስ አልችልም። ሰዎቹን ሰብስቤ «ትፈሩኛላችሁ ወይ?» ብላቸው የሚሰጡኝ መልስ ለሁለቱም ሁኔታ አንድ እንደሚሆን ይገባኛል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ነገር ካለ ብትነግሩኝ፣ ቅጹን ለማስረከብ ጊዜ ስላለኝ እጠብቃለሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያ

የሚለያቸው ነገር አለ፤ ክፉ ዜና ነው።

ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት በሁለት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ቡድኖችን የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ተከታትላ ነበር። የተሻለ አመራርና የተሻለ መግባባት ያላቸው ቡድኖች አነስተኛ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ነበር የጀመረችው፤ መረጃው ግን በተቃራኒው በጥሩ ሁኔታ የሚመሩት ቡድኖች ከፍ ያለ የስሕተት ቁጥር እንዳላቸው አሳየ። ጉዳዩ ሲመረመር እነዚያ ቡድኖች ስሕተታቸውን ስለማይደብቁ ነው፤ በሌሎቹ ዘንድ ግን ስሕተቱ ቢኖርም ወደ መዝገብ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በአንድ አምራች ድርጅት ውስጥ ያሉ 51 ቡድኖችን አጥንታ፣ ሰዎች ሳይሸማቀቁ ለመጠየቅና ስሕተትን ለማመን የሚደፍሩበት ቡድን የበለጠ እንደሚማር አሳይታለች።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመልሰው፣ የቀነሰው ምን ዓይነት ጉዳይ እንደሆነ ይመርምሩ። «ይህን ላድርግ ወይ?» የሚለው ፈቃድ ጥየቃ ቀንሶ «እዚህ ላይ ችግር ገጥሞናል» የሚለው ዜና እንደነበረ ከቀጠለ ወይም ከጨመረ፣ ሰዎቹ ሥልጣኑን ተረክበው በእርስዎ ማመናቸውን ቀጥለዋል ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ከቀነሱ ግን ከሥር ያለው ወንድማችን የገለጸው ነገር ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ዜናው በማን በኩል እንደመጣም ይዩ፤ ስለ ክፍልዎ ችግር መጀመሪያ የሚሰሙት ከሌላ ክፍል ኃላፊ ወይም ከደንበኛ ከሆነ ነገሩ የሚያጠራጥር አይደለም።

በራስ ግምት ላይ ብቻ ያለመተማመኑንም እደግፋለሁ። ሃሪስና ሻውብሮክ እ.ኤ.አ. በ1988 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲያጠናቅሩ፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ምዘናና አለቃው የሚሰጠው ምዘና ያላቸው ተዛምዶ (0 ምንም አለመዛመድን፣ 1 ፍጹም መዛመድን ያሳያል) 0.35 አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ የሥራ ባልደረቦቹና አለቃው ስለ እርሱ ያላቸው ምዘና ግን 0.62 ያህል ይዛመዳል። ይህ ማለት ሌሎች ስለ እኛ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ከተስማሚዎቹ መካከል የሌለነው እኛው ነን።

ነገር ግን ግብረ መልስ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አላሞኝዎትም። ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባጠናቀሩት ሰፊ የጥናቶች ስብስብ ውስጥ ግብረ መልስ መስጠት በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም፣ ከሲሶ በሚበልጡት አጋጣሚዎች ግን ሥራውን ጭራሽ አባብሶታል፤ በተለይም የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ላይ ተነስቶ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ወደሚለው ሲዞር። በሥራዬ ብዙ ኃላፊዎች «እንዴት ነኝ?» ብለው ሲጠይቁ አይቻለሁ። ጥያቄው ሠራተኛውን በሰው ላይ ፍርድ እንዲሰጥ ስለሚያስገድደው «ደህና ነዎት» ይላል፤ ሌላ ምን ይበል! ይልቁንስ ስለ አንድ የተወሰነ ክንውን ይጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት በበጀት ስብሰባው ላይ ሐሳብህን ስትጀምር ያቋረጥኩህ ይመስለኛል፤ ልትለው የነበረው ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ የሚመልሰው ነገር አለው። የተነገርዎትን አይከራከሩ፤ ከጊዜ በኋላ ግን በነገረዎት መሠረት የለወጡትን ነገር ለዚያው ሰው ይንገሩት፤ ይህ ካልሆነ ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ልኬት ይቅደም

ተጠራጣሪ ስለ ሁለተኛው ወር የጻፈውን አውቀዋለሁ፤ ለክርክሬ ስላልተመቸኝ አልጠቀስኩትም፤ እርማቱን እቀበላለሁ። ልኬትን ግን አልለቅም። ባለሙያዋ የሰጡት ሐሳብ ራሱ የሚለካ ነው። አንድ ችግር በቡድኑ ውስጥ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ ለመሪው እስከተነገረበት ቀን ያለውን ጊዜ መቁጠር ይቻላል፤ «የክፉ ዜና ዕድሜ» እንበለው። ችግሩ ከተፈታ በኋላ «ይህንን መጀመሪያ ያየነው መቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አይከስም፤ መልሱ በቀናት ይመጣል። ከሳምንታት ወደ ቀናት፣ ከቀናት ወደ ሰዓታት ካጠረ መሪው ተለውጧል፤ ቢያንስ በሰዎቹ ዘንድ ተለውጧል፣ ደግሞም ቁም ነገሩ ያው ነው።

ተጠራጣሪ

በዚህ ልኬት እስማማለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ቁጥሩ ከእርስዎ ማስታወሻ ደብተር አይውጣ። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሣው ነጥብ ለዚህም ይሠራል፤ አንድ አኃዝ መቆጣጠሪያ ሲደረግ ቀድሞ ያሳየው የነበረውን ነገር ማሳየቱን ያቆማል። «ክፉ ዜና በ2 ቀን ውስጥ ይነገረኝ» ብለው በግድግዳ ቢለጥፉት ሰዎች ችግሩን ያወቁት በቅርቡ እንደሆነ አድርገው ያቀርቡልዎታል እንጂ ቶሎ አይነግሩዎትም። በቅጹ ላይ የሚጽፉት የሚያደርጉትን ነገር ይሁን፤ ቁጥሩ ያደረጉት ነገር መሥራቱን ለራስዎ የሚያዩበት ይሁን።

ጡረተኛው

የሚያደርጉትን ነገር ከተባለ አይቀር፣ መቼና የት እንደሚያደርጉትም አብሮ ይጻፍ። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አሰባስበው ሲመለከቱ፣ «ይህ ሁኔታ ሲገጥመኝ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ ሐሳቡን ብቻ ከያዘው ሰው በተሻለ ሁኔታ ያሰበውን ይፈጽማል። ለምሳሌ «ኃላፊነት አካፍላለሁ» ከሚለው ይልቅ «ሰው ጉዳይ ይዞልኝ ሲመጣ የእኔን አስተያየት ከመናገሬ በፊት የእርሱን የውሳኔ ሐሳብና ምክንያቱን እጠይቃለሁ» የሚለው ይሻላል፤ ምክንያቱም በሩ ሲንኳኳ ግቡ ራሱ ይታወስዎታል። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው የሚናገረው ድጋፍ ብቻ እንደሚሆን ስብሰባ የመራ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሥር ያለሁ

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ሥርዓተ ቅዳሴ ይሆናል። አለቃው በልቡ መልሱን ይዞ ሲጠይቅ እናውቀዋለን፤ እየጠየቀን ሳይሆን እየፈተነን ነው። ልዩነቱን የምናየው አንድ ቀን እርሱ ከሚያስበው የተለየ ነገር ስንነግረው «እኔ በሌላ መንገድ አደርገው ነበር፤ ግን ሥራው ያንተ ስለሆነ ባልከው ሂድበት» ካለን ነው። ይህ በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ከሆነ ይበቃል፤ ወሬው በራሱ ጊዜ ለሁሉም ይዳረሳል።

የቡድን አስተባባሪ

የሁላችሁንም አስተያየት ይዤ ወደ ማስታወሻዬ ተመልሼ ነበር። ጡረተኛው እንዳሉት የሰዓቱን ነገር ስመረምር፣ አገኘሁት ያልኩት ትርፍ ጊዜ በአብዛኛው ከቡድኑ ጋር ሳይሆን ከበላይ ኃላፊዎች ጋር በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ያለቀ ሆኖ አገኘሁት። ባለሙያዋ በጠቆሙት መሠረት ደግሞ በዚህ ዓመት የገጠሙንን ትልልቅ ችግሮች አንድ በአንድ አንሥቼ በማን በኩል እንደሰማኋቸው አየሁ። ውጤቱ የተደባለቀ ነው፤ ነባሮቹ አባላት ቶሎ ነግረውኛል፤ አዳዲሶቹ ግን አንዱንም ራሳቸው አልነገሩኝም፤ ሁሉም የደረሰኝ በነባሮቹ በኩል ነው። ቡድኑን እንደ አንድ ነገር ቆጥሬ «ማመንን ተምሬአለሁ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ለግማሹ ብቻ እውነት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የጻፍኩት መልስ እንዲህ ይላል፦ «ነባር የቡድኑ አባላት በሥራቸው ላይ ያለ እኔ ፈቃድ እንዲወስኑ አድርጌአለሁ፤ ችግር ሲገጥማቸውም በቶሎ ያሳውቁኛል። አዳዲስ አባላት ጉዳያቸውን በቀጥታ ለእኔ ማቅረብ ላይ አልደረሱም፤ ይህም በዋነኛነት ከእነርሱ ጋር የማሳልፈው ጊዜ ከማነሱ የተነሣ አይደለም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለኝም።»

ለመጪው ዓመት ሁለት ግብ ብቻ ይዤአለሁ። የመጀመሪያው የመማር ግብ ነው፤ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ አዲስ አባል በራሱ መወሰን የሚችለውን፣ ገና የማይችለውንና የሚጎድለውን ከእርሱው ጋር ተቀምጬ በጽሑፍ እለያለሁ። ሁለተኛው ከሁኔታ ጋር የታሰረ ነው፤ በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ ለውይይት ሲቀርብ ከሁሉም በኋላ እናገራለሁ፤ ጉዳዩን የያዘው ሰው ከእኔ የተለየ ሐሳብ ካቀረበና ውሳኔው ሊቀለበስ የሚችል ከሆነ በእርሱ ሐሳብ እንዲሄድ እተወዋለሁ፤ የጠበቅኩትን ውጤትም በዚያው ዕለት እጽፋለሁ። የክፉ ዜናውን ዕድሜ በግል ደብተሬ እይዛለሁ፤ ቅጹ ላይ የለም።

«ጊዜዬን በአግባቡ እጠቀማለሁ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያ

የመጀመሪያው መልስ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ተጠላልፏል፤ «ከእነርሱ ጋር በቂ ጊዜ አላሳለፍኩም» ብለው በቀጥታ ቢጽፉት ይሻላል፤ ገምጋሚዎ አንድ ጊዜ አንብቦ ይረዳዋል። «ውሳኔው ሊቀለበስ የሚችል ከሆነ» የሚለውን ግን አይንኩት፤ ብዙዎች ኃላፊነት ሲያካፍሉ የሚዘነጉት እርሱን ነው። የትኞቹ ውሳኔዎች እንደማይቀለበሱም ለቡድኑ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ ሲመጣና እርስዎ ጣልቃ ሲገቡ ቃልዎን ያጠፉ ይመስላቸዋል።

ከሥር ያለሁ

ሁለተኛውን ግብ ደግሞ ለሰዎቹ አያውጁላቸው፤ ዝም ብለው በመጨረሻ ይናገሩ። ለጥቂት ስብሰባዎች ዝምታዎ ያስጨንቃቸዋል፣ ተቆጥተው ይሆናል ብለውም ይጠረጥራሉ። አሽከርካሪዎቹ በሁለተኛው ወር ያደረጉትን እነርሱም ያደርጉታል፤ ያኔ አይቸኩሉ።